ወተት ሳንባ አያጥብም፦ በጅማ ስለ ሥራ ጤንነት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ሥራ የሚለመደው ከሰው ነው። ቡና መቀሸሪያ የገባ ወጣት ማሽኑን ከሚያሳየው ሰው «ማታ ማታ ወተት ጠጣበት» የሚለውንም አብሮ ይቀበላል። ብየዳ ቤት የተቀጠረ ልጅ «መጀመሪያ ዓይንህን ያቃጥልሃል፣ ኋላ ትለምደዋለህ» ይባላል። ጋራዥ የገባው ደግሞ የእጁን ግሪስ በቤንዚን መታጠብ ይማራል። ምክሩ በክፋት የሚሰጥ አይደለም፤ መካሪውም ሲጀምር የተነገረው ይኸው ነው። ችግሩ፣ እነዚህ ምክሮች ሁሉ አደጋውን ካለበት ሳያነሱ ሰውየውን «ቻለው» የሚሉ መሆናቸው ነው። የሙያ ደህንነትና ጤንነት የሚባለው ትምህርት የሚነሳው ከተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ሥራው ነው ይላል። ከተማችን ውስጥ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች በዚህ ዓይን እንያቸው።

«ወተት ከጠጣህ አቧራው ይታጠባል»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህን ነው፤ ከቡና መቀሸሪያ፣ ከቀለም ቀቢ፣ ከእንጨት ሥራ ቤት፣ ከሲሚንቶ አውራጅ። አንዳንድ አሠሪ ለወተት መግዣ ብር ይጨምራል፤ ሠራተኛውም እንደ አንድ ጥበቃ ይቆጥረዋል።

ወተት በምግብ ቧንቧ ወርዶ ጨጓራ ይገባል። አቧራ በአየር ቧንቧ ወርዶ ሳንባ ይገባል። ሁለቱ ቧንቧዎች ከማንቁርት በታች አይገናኙም። ስለዚህ ወተቱ አቧራው ያለበት ቦታ ፈጽሞ አይደርስም። ጉሮሮን ማለስለሱ እውነት ነው፤ ሠራተኛው «አጠበልኝ» የሚለውም ያንን ልስላሴ ተሰምቶት ነው።

ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሲቀሸር ጠጋ ብሎ ላየው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ገለባው ተፈጭቶ ይበናል፤ ጠዋት በቆርቆሮው ሽንቁር በሚገባው ጨረር ውስጥ ብናኙ ሲዋኝ ይታያል፤ የለቃሚዎቹ ቅንድብና ሻሽ ከሰዓት በኋላ ቡናማ ይሆናል። ይህ በዓይን የሚታየው ብናኝ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ንፍጥና አክታ ሆኖ ይወጣል። ይበልጥ የሚያሳስበው የማይታየው ነው። ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ማይክሮሜትር ይባላል፤ ከ4 ማይክሮሜትር ያነሰ ብናኝ እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። የጥሬ ቡና ብናኝ በዚያ ላይ አለርጂ የሚያስነሳ ነገር አለው፤ ለዓመታት የተነፈሰው ሰው ማስነጠስ፣ ዓይን ማሳከክ፣ ከዚያም አልፎ አስም ሊያገኘው ይችላል።

ለወተት የሚወጣው ብር ሌላ ቦታ ቢውል ብዙ ይሠራል። ብናኙን ከሚወጣበት አፍ ላይ የሚስብ መምጠጫ ማሽኑ ላይ መግጠም አንዱ ነው። ለቃሚዎቹን ከመቀሸሪያው ለይቶ በግድግዳ በተከለለና ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ማስቀመጥ ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም። ወለሉን በደረቁ ከመጥረግ ውኃ ረጨት አድርጎ መጥረግ ምንም አያስወጣም። ወተቱንም ቢሆን ማንም አይከልከል፤ ጥሩ ምግብ ነው፤ በጥበቃ ስም ግን አይሰጥ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ፀረ ተባይ ለጠጣ ወይም ለተመረዘ ሰው ወተት ማጠጣትም ከዚሁ እምነት የመጣ ነው። በስብ የሚሟሙ አንዳንድ መርዞች ከወተት ጋር ይበልጥ ሊሰርጉ ይችላሉ። መርዝ የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ ቆዳውን በውኃና ሳሙና ማጠብ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው የሚያስፈልገው።

«አፍንጫዬን በሻሽ ሸፍኛለሁ፣ ይበቃል»

ሻሽና ነጠላ ትልልቁን ብናኝ ይይዛሉ፤ ከሳንባ የሚደርሰው ግን በክሩ መሃል ያልፋል፤ በጉንጭና በአፍንጫ ዳር ባለው ክፍተትም ይገባል። ለደቃቅ ብናኝ የሚሠራው ኤን 95 የሚባለው ዓይነት ጭምብል ነው፤ እሱም ፊት ላይ ልክክ ካላለ ጥቅም የለውም። ዋንዛ እየላገ የጅማ በርጩማ የሚሠራ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል። የእንጨት ብናኝ የአፍንጫና የአካባቢው ካንሰር እንደሚያመጣ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ከተረጋገጠ ቆይቷል፤ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሻ ሰዓት የሚወጣው ደግሞ ደቃቁ ነው።

«ብርድ ነው»

ለጅማ ዝናብ ይህ ማብራሪያ ይመቻል። ጫኝና አውራጁ ወገቡን ሲያመው ብርድ ነው፣ የቀሻሪው ሳል ብርድ ነው፣ በያጁን ማታ የሚያንቀጠቅጠው ብርድ ነው፤ ካልሆነም ወባ ነው።

ለውጪ ገበያ የሚሄድ አንድ ኬሻ ቡና 60 ኪሎ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤንነት ምርምር ተቋም ሁሉም ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ አንድ ሰው እንዲያነሳ የሚመክረው ከፍተኛ ክብደት 23 ኪሎ ነው። ወገቡን የጎዳው ኬሻው ነው። ለሁለት መያዝ፣ ጋሪ መጠቀም፣ ኬሻውን ከመሬት ሳይሆን ከወገብ ከፍታ ላይ ማንሳት፣ መኪናው ላይ በሳንቃ መውጣት ሸክሙን በእጅጉ ያቀልላል።

ሳሉን ለመለየት ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። እሑድ ወይም በዓል ላይ እየተሻለው፣ ሰኞ ሥራ ሲገባ የሚብስበት ሰው ሕመሙ ከሥራው ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። በያጁም እንዲሁ። ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ወይም ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ከሰዓታት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠፋል። ከወባ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ደም መመርመር ያስፈልጋል፤ ውጤቱ ነጻ ከሆነ ግን «ምን ስበይድ ዋልኩ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ጣልያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ ባልደረቦቹን ሕመምተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ ብሎ ነበር። ጤና ጣቢያ ወረፋ በበዛበት ቀን ሐኪሙ ይህን ላይጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው ራሱ ይናገር፤ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ መቼ እንደሚብስበት።

«ጆሮዬ ለምዶታል»

ጆሮ ድምፅ አይለምድም። የወፍጮውና የመቀሸሪያው ጩኸት የቀለለ የመሰለው ሰው የመስማት ኃይሉ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን የመስሚያ ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት የሚፈቀደው ወሰን ሆኖ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። መለኪያ ለሌለው ሰው፦ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ ከዚያ ወሰን አልፏል ማለት ይቻላል።

«የፀሐይ መነጽር አድርጌያለሁ»

ጅማ ውስጥ ብየዳ በየመንገዱ ዳር ነው፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ በያጅ፣ ብረት የያዘለት እጁን ዓይኑ ላይ የጋረደ ልጅ፣ አጠገባቸው ቆመው የሚያዩ ሕፃናት። የብየዳ ብርሃን ውስጥ የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር አለ፤ የዓይንን ፊተኛ ሽፋን ያቃጥላል። ሕመሙ የሚመጣው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ ሌሊት ነው፤ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል። በዚህ የተነሳ ብዙዎች ከሥራው ጋር አያያይዙትም። የፀሐይ መነጽር ለዚህ አልተሠራም፤ ጎኑም ክፍት ነው፣ ፊትና አንገትንም አይሸፍንም። የሚያስፈልገው ለብየዳ የተሠራ መስታወት ያለው የፊት መከለያ ነው፤ ለበያጁም፣ ለረዳቱም። መንገደኛውን ለመጠበቅ አንድ ሸራ መጋረድ ይበቃል። ሕመሙን ለማደንዘዝ ከፋርማሲ የሚገዛ ማደንዘዣ ጠብታ ደጋግሞ መጨመር ዓይኑን ይበልጥ ይጎዳል።

«ሽታ ከሌለው አይገድልም»

በዚህ አባባል የተነሳ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሆኖ ይሞታል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ሊያጸዳ ወይም የውኃ ጉድጓድ ሊቆፍር አንዱ ይወርዳል። ድምፁ ይጠፋል። ወንድሙ ወይም ጓደኛው ሊያወጣው ዘሎ ይገባል፤ እሱም ይወድቃል። ሦስተኛው ይከተላል።

ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ሊያንስ ይችላል፤ ይህ ሽታም ቀለምም የለውም። ከፍሳሽ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ በመጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ራሱን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ የወረደ ሰው ጋዙ በጨመረበት ሰዓት ወርዷል ማለት ነው። ሻማ ወይም ፋኖስ አውርዶ መሞከርም አያስተማምንም። እሳቱ ሳይጠፋ ሰው የሚገድል ጋዝ ሊኖር ይችላል፤ ሚቴን ካለ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። የታጠበ ቡና የሚዘጋጅባቸው ጣቢያዎች የፍሳሽ ጉድጓዶችም ከዚህ አይለዩም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳይወርዱ መሥራት፤ በፓምፕ፣ በመምጠጫ መኪና። የግድ መውረድ ካለ ጋዙ በመሣሪያ ተለክቶ፣ ንጹሕ አየር እየተነፋ፣ የሚወርደው ሰው ደረቱና ትከሻው ላይ በመታጠቂያ ታስሮ፣ ከላይ ሆነው የሚጎትቱት ሰዎች ገመዱን ይዘው ይሁን። የወደቀ ሰው ለማውጣት ያለ መተንፈሻ መሣሪያ መግባት በምንም መንገድ አይገባም። ወንድም ወድቆ እያዩ መቆም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ገመዱ አስቀድሞ ከታሰረ ግን መቆም አያስፈልግም፣ መጎተት ነው።

«ጓንትና ሄልሜት ከተሰጠ ሌላው የሠራተኛው ጉዳይ ነው»

መከላከያ ዕቃ በቅደም ተከተሉ መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ፣ ካልሆነ ባነሰ አደገኛ ነገር መተካት፣ ቀጥሎ በመከለያና በመምጠጫ መለየት፣ ከዚያ የሥራ ሰዓቱንና አሠራሩን ማስተካከል፤ ጓንት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። እንዲያውም በሚሽከረከር ማሽን ላይ ጓንት እጅን ጎትቶ ያስገባል። የወፍጮ ቤት ቺንጋ (ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ) የነጠላ ጫፍ ሲይዝም እንዲሁ ነው። ለዚህ መፍትሔው ቺንጋው ላይ የሚገጠም የሽቦ መከለያ ነው፤ ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራዋል።

በቤንዚን እጅ መታጠብም እዚህ ይነሳ። ቤንዚን የቆዳን ወዝ አጥቦ ያደርቃል፣ ያሰነጥቃል፤ በነዳጁ ውስጥ ያለው፣ ስሙ የሚመሳሰለው ሌላ ኬሚካል (benzene) ደግሞ የደም ካንሰር ያመጣል። ሳሙና በትንሽ ዘይት ግሪስ ያስለቅቃል።

«ቢሮና ሆስፒታል ምን አደጋ አለው?»

ስለ ቢሮው በአጭሩ፦ ቀኑን ሙሉ ጎንብሶ መቀመጥ ወገብና አንገት ይጎዳል፤ ተነስቶ መንቀሳቀስና ወንበር ማስተካከል ያስፈልጋል። ሆስፒታል ግን ከብዙ ፋብሪካ ያላነሰ አደጋ ያለበት ቦታ ነው። ኤችአይቪ ካለበት ሰው ደም ጋር በመርፌ መወጋት በቫይረሱ የማስያዝ ዕድሉ ወደ 0.3 በመቶ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ላልተከተበ ሰው ግን ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ሁሉም የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው፤ ክትባት ያለው ሁለተኛው ነው። ለኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ክፍሉን የሚያጸዱትና ቆሻሻውን የሚያወጡት ሠራተኞችም መርፌ ይወጋቸዋል፤ ክትባቱ ለእነሱም ይድረስ።

«የአርባ ቀን ዕድሉ ነው»

ለሞተ ሰው ቤተሰብ ማጽናኛ ሲሆን አከብረዋለሁ። የሥራ ቦታ ሪፖርት ሲሆን ግን አልቀበለውም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከሥራ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከእነዚህ 330 ሺህ ያህሉ በአደጋ፣ 2.6 ሚሊዮኑ በበሽታ ነው። የሚበዛው ዜና የማይሆነው፣ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚገድለው ነው። ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቀ ግንበኛም ከመውደቁ በፊት የላላ ምስማር፣ ያልታሰረ አጣና፣ «ለጥቂት ተረፍኩ» ያለ ጓደኛ ነበር። ለጥቂት የተረፈ ሰው ሲኖር ሥራውን አቁሞ መወጣጫውን መፈተሽ ይቻላል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የቀን ሠራተኛም ነኝ፣ ካሳ አይገባኝም»

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው ላይ ለሚደርስ የሥራ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ከዚህ ውጪ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት በዚህ ይቆጠራል። የጽሑፍ ውል አለመኖር መብት አያሳጣም። የመከላከያ ዕቃ ማቅረብም፣ ለአደገኛ ሥራ የጤና ምርመራ ማስደረግም የአሠሪው ወጪ ነው። የሥራ ጉዳት የሚባለው አደጋ ብቻ አይደለም፤ ከሥራው የመጣ በሽታም ይካተታል።

ጉዳት የደረሰበት ሰው በዚያው ቀን ለአሠሪው ያሳውቅ፤ ያዩ የሥራ ባልደረቦቹን ስም ይያዝ፤ ሐኪም ጋ ሲቀርብ ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቅ። አሠሪው አልመዘግብም ካለ አቤቱታው የሚቀርበው ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ነው።