ሐዋሳን ከቤተሰብ ጋር በአንድ ቀን

ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟ በሲዳምኛ «ሰፊ» ማለት ነው ይባላል፤ ስፋቱም የሐይቁ ነው። ከተማዋ ራሷ ገና ልጅ ናት፤ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ የጥንት ግንብና የንጉሥ ዙፋን ፍለጋ የሚመጣ እንግዳ ቅር ይለዋል። ሉሲም ያለችው አዲስ አበባ ነው። እዚህ ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣ ሰው የሚያየው ነገር በአብዛኛው ወይ ይበርራል፣ ወይ ይዋኛል፣ ወይ ይበላል።

ቀኑን የሚያዘው ሐይቁ ነው። ጠዋት ውሃው ጸጥ ብሎ ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ጀልባ ማናወጥ ይጀምራል። ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ ቀልድ አያውቅም። እንግዲህ ውሃው በጠዋት፣ ጥላው በቀትር፣ ተራራው ወደ ማታ መሆን አለበት። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ወላጅ በልጅ ለቅሶ ይከፍላታል።

ጠዋት ሲባል እውነተኛ ጠዋት ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ አሞራ ገደል መገኘት ይገባል። አሞራ ገደል የሐዋሳ የዓሣ ገበያ ነው፤ ፓርክም ነው። ሌሊቱን መረብ ጥለው ያደሩ አጥማጆች ጀልባቸውን እያስጠጉ ያራግፋሉ። በብዛት የሚወጣው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አለ። ዳር ላይ የተቀመጡ ወጣቶች ቢላቸውን ያሾሉና ቅርፊቱን ይልጣሉ፣ ሆዱን ይዘረግፋሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። እጃቸው ይፈጥናል። ልጆች አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ።

ከልጆቹ ጎን ደግሞ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቆሟል። ራሰ በራ ነው፤ ቁመቱ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ያክላል። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት ያየ ሰው ስሙን ከየት እንዳገኘው አይጠይቅም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የዕድር ስብሰባ እንደሚመራ ሽማግሌ ዝም ብሎ ይቆማል። የዓሣ አንጀት ሲወረወር ግን ሽምግልናው ብን ይላል፤ ግፊያውና ክንፍ ለክንፍ መማታቱ ሌላ ነው። ለእኔ ሐዋሳ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ትርዒት የለም።

ቁርስም እዚያው ነው። ደፋር ጥሬውን ዓሣ በዳጣ እያጠቀሰ ይበላል። የዓሣ ሾርባ አለ፤ ሙሉውን ተጠብሶ የሚቀርብም አለ። ለትንንሽ ልጆች አጥንቱን ለቅሞ መስጠት የወላጅ ሥራ ነው። ዛፍ ላይ ያሉትን ጦጣዎች ግን አደራ! ባለፈው የእህቴ ልጅ ዳቦውን እንደያዘ «እማ፣ እያት!» ብሎ ሳይጨርስ እጁ ባዶ ቀረ። እሱ አለቀሰ፣ እኛ ሳቅን፣ ጦጣዋ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላ በላች። ጥቁርና ነጩ ጉሬዛ ጨዋ ነው፤ ረጅም ጅራቱን አንጠልጥሎ ከላይ ሆኖ ያያል እንጂ አይሰርቅም።

ከቁርስ በኋላ ጀልባ ነው። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቅ ዳር መዝናኛ መከራየት ይቻላል። ዋጋውን ሳይሳፈሩ፣ ለስንት ደቂቃና የት ድረስ እንደሆነ ተነጋግረው ይጨርሱት። ልጅ ላይፍ ጃኬት ሳይለብስ አይሳፈር። ጉማሬ ለማየት ነው የሚኬደው። ጀልባ ነጂው «ትንሽ እንጠጋ?» ካለ መልሱ «ይቅር» ነው፤ ጉማሬ ወፍራም ስለሆነ ቀርፋፋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ስለ ሐይቁ አንድ ነገር ልጆች ቢጠይቁ መልስ ይያዝ። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያረፈው አሮጌ እሳተ ገሞራ ሲሰምጥ በተፈጠረ ጎድጓዳ ላይ ነው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል። የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ይሆናል። ሐዋሳ ግን ዓሣ የሚረባበት፣ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ነው። ምክንያቱ ውሃው ከመሬት ሥር እየሰረገ መውጣቱ ነው ይባላል።

ቀትር ላይ ወደ ምግብ ቤት። ሲዳማ ቤት ገብቶ ቡርሳሜ ሳያዝዙ መመለስ ነውር ነው። ከእንሰት የሚሠራ ነው፤ በቅቤ ርሶ ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ ይቀርባል፤ ሁሉም ከአንድ ዕቃ ይበላል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፊቼ ጫምባላላ ምግብም ይኸው ነው። ፊቼን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ቀኑ በካላንደር የታተመ አይደለም፤ አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ኮከብ አይተው ይወስኑታል። ልጆች በየቤቱ እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ፤ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። ሐዋሳ ላይ የሚከበረው ሶሬሳ ጉዱማሌ በሚባለው ሜዳ ላይ ነው። በበዓሉ ሰሞን የመጣ ቤተሰብ ዕድለኛ ነው። በሌላ ጊዜ የመጣም ሜዳውን አይቶ፣ በዓሉን ለልጆቹ ሊተርክ ይችላል።

ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን መሀል ከተማ ነው፤ ሳያዩት ማለፍ አይቻልም። ታኅሣሥ 19 አካባቢ ግን ማደሪያ ሳይዙ መምጣት ራስን መቅጣት ነው፤ ከተማው በምእመን ይጥለቀለቃል።

ፀሐይ በረድ ሲል ታቦር ተራራ። ትንሽ ነው፤ አያት እንኳ ቀስ እያሉ ይወጡታል፤ ጫማ ብቻ ይስተካከል። ከላይ ሆኖ ሐይቁ በአንድ ወገን፣ ከተማው በሌላው ይታያል። ቀጥ ቀጥ ያሉት መንገዶች የሐዋሳን የፕላን ከተማነት ይናገራሉ። ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የለመደ ልጅ በደስታ ይነዳባታል።

«ሙዚየም ካላየሁማ!» የሚል የቤተሰብ አባል ካለ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ሻሸመኔ ላይ ይውረድ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጃማይካ ሰፈር ውስጥ ከደረቀ የሙዝ ቅጠል ብቻ የተሠሩ ሥዕሎች የሚታዩበት ቤት አለ። ሰፈሩ የተመሠረተው አፄ ኃይለ ሥላሴ በውጭ ላሉ የአፍሪካ ልጆች በሰጡት አምስት ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር ያህል መሬት ላይ ነው። ሥዕሎቹ ጋ ቀለም የሚባል ነገር አልገባም። ቡናማው፣ ወርቃማው፣ ጠቆር ያለው ሁሉ የቅጠሉ የራሱ መልክ ነው። ልጆች ጠጋ ብለው ካላዩ አያምኑም። በጣት መንካት ግን ክልክል ነው።