ውሃ ዘሞ አያውቅም፦ ስለ ጓሮ ኩሬ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

የጓሮ ኩሬ የሚሠራ ሰው ጆሮው እስኪደነቁር የሚሰማት አንዲት አቤቱታ አለች፤ «ውሃው ወደ አንድ ጎን ዘሞብኛል።» ውሃ አይዘምም። ግንበኛ መለኪያውን «ውሃ ልክ» ያለው በከንቱ አይደለም። የዘመመው የኩሬው ጠርዝ ነው፤ በአንዱ በኩል ውሃው ሊፈስ ጫፍ ደርሶ፣ በሌላው በኩል ውሃ እንዲይዝ ጉድጓዱ ውስጥ ከተነጠፈው ጥቁር ላስቲክ አንድ ስንዝር የሚያህለው አግጦ ይታያል። ባለቤቱ ግን ጥፋቱን በውሃው ያላክካል።

«ውሃ ቢጨመርበት ይስተካከላል።» አይስተካከልም። ውሃው ከዝቅተኛው ጠርዝ በላይ አይወጣም። የጨመሩት ሁሉ በዚያው ፈስሶ አፈሩን ያጨቀያል፤ የጨቀየውም አፈር ይበልጥ ይሰምጣል።

«በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው።» ሦስት ሜትር ስፋት ባለው ኩሬ ላይ የአንድ ዲግሪ መዝመም ከዳር እስከ ዳር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ያመጣል። አንድ ዲግሪ የሚለይ ዓይን እስካሁን አላጋጠመኝም፣ የራሴን ጨምሮ። ቀጥ ያለ ጣውላ በኩሬው ላይ አጋድመው ውሃ ልኩን በላዩ ያስቀምጡ። ጣውላው ካልደረሰ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ጎማ ውሃ ይሙሉና ሁለቱን ጫፎች በሁለቱ ዳርቻዎች ቀና አድርገው ይያዙ፤ በሁለቱም ጫፍ ውሃው የሚቆመው እኩል ከፍታ ላይ ነው። ጎማው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ግን ልኩ ይሳሳታል።

«ዝቅ ባለው በኩል ድንጋይ ቢደረደር ከፍ ይላል።» ትዕግሥቴን የምትጨርሰው ይህቺ ናት። ድንጋይ ጌጥ ነው፤ ውሃ የሚይዘው ላስቲኩ ነው። የኩሬው ልክ ላስቲኩ ዝቅ ብሎ የሚያበቃበት ቦታ ነው፤ በላዩ ግንብ ቢቆምበትም ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ይሄዳል።

አንድ ደንበኛዬ ዝቅ ባለው ጎን ሦስት ረድፍ ድንጋይ ካብ አድርጎ ነበር። ያማረ ካብ ነው፣ አልዋሽም። ጠዋት ጠዋት ግን ውሃ ሲሞላ ይውላል፤ «ላስቲኩ ተቀዷል» ብሎም ሙሉውን ሊቀይር ተነሥቶ ነበር። የታችኛውን አንድ ድንጋይ ሳነሣ እጄ እስከ አንጓው ጭቃ ውስጥ ገባ። የላስቲኩ ጠርዝ ከድንጋዩ ክብደት የተነሣ ተጨፍልቆ ወደ ውጭ ታጥፏል፣ ውሃውም በእጥፋቱ ላይ ጸጥ ብሎ ይወርዳል። ቀዳዳ የሚባል ነገር አልነበረም። ካቡ ራሱ ጠርዙን ዝቅ አድርጎ ውሃውን ሲያፈስ ከርሟል።

መፍትሔው ከላስቲኩ ሥር ነው። ውሃውን በአንድ ስንዝር ይቀንሱ፤ ኩሬውን ማድረቅ አያስፈልግም፣ ዓሣዎቹም አይነኩም። ድንጋዩን ያንሡ፣ ላስቲኩን ወደ ውስጥ ይገልብጡ። ጠጠር የሌለበት እርጥብ አፈር በስሱ እየጨመሩ ይጠቅጥቁ፤ አንድ ላይ ከምረው አንዴ የረገጡት አፈር በኋላ ይሰምጣል። ውሃ ልኩ ሲስማማ ላስቲኩን መልሰው ይዘርጉ፣ ጫፉን ከድንጋዩ ኋላ ቀና አድርገው ይቅበሩት። በዚያ በኩል ላስቲኩ አጥሮ ከሆነ ግን ቀላሉ መላ ከፍ ያለውን ጠርዝ ዝቅ ማድረግ ነው። ኩሬው ሞልቶ አፈሩ ሳይረጋ ትርፍ ላስቲክ የሚቆርጥ ሰው መቀሱን ቢነጠቅ ይሻለዋል።

«ላስቲክ ሳይሆን በፋብሪካ የተሠራ ጠንካራ ገንዳ ከሆነ በአንድ በኩል ሽቅብ መግፋት ነው።» አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ሲገፉት የሚሰነጠቀው ገንዳው ነው። ባዶ አድርገው ያውጡት፣ የአሸዋ መደቡን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ገንዳውን መልሰው አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ውሃ በሞሉ ቁጥር በዙሪያውም ያንኑ ያህል አሸዋ እየጠቀጠቁ ይውጡ።

«ዳሩን በሲሚንቶ ብንለስነው ይገላግለናል።» ከትኩስ ሲሚንቶ የሚወጣው ኖራ ለዓሣ ጠንቅ ነው።

«ተክል ይሸፍነዋል።» ትንሽ ልዩነትን አዎን፣ ይሸፍናል። ነገር ግን ሥሩ ወይም አፈሩ ከውጭ ተንጠልጥሎ ውሃውን ከነካ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ወደ ውጭ ይስባል፤ ባለቤቱም ዳግመኛ ቀዳዳ ፍለጋ ይገባል። እኔ የምመርጠው ከውሃው በላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ የሚወጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ጥላው ብቻ ያገጠጠውን ላስቲክ ይደብቀዋል፣ ከፀሐይም ይከልለዋል።

«እንግዲያውስ ጠርዙ ዙሪያውን ፍጹም እኩል ይሁን።» ይህም ልክ አይደለም! ዝናብ ሲመጣ ትርፉ ውሃ በሆነ ቦታ መውጣት አለበት። እኔ አንዱን ቦታ አውቄ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ከቤቱ መሠረት ርቆ፣ ውሃ ወደሚወድ ተክል በሚወስድ በኩል።