ኤሪክሰን ጣሊያን ተከልክሎ እንግሊዝ እንዴት ተጫወተ?

ደሴ ፒያሳ ኳስ የምናይባቸው ቤቶች ውስጥ እስካሁን ስለ ዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን "ፊፋ ከልክሎት ነበር፣ ኋላ ፈቀደለት" የሚል አይጠፋም። ኧረ እንደዛ አይደለም! የከለከለው የጣሊያን ህግ እንጂ ፊፋ አይደለም። በፈረንጆቹ ጁን 12፣ 2021 ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት ልቡ ቆሞ ሜዳ ላይ ወደቀ፣ ከዛ አይሲዲ ተገጠመለት፣ ይሄ ከቆዳ ስር የሚቀበር ትንሽ መሳሪያ ነው፣ የልብ ምት ቀን ከሌት ይከታተልና አደገኛ መዛባት ሲያይ ራሱ በኤሌክትሪክ ሾክ ያስተካክለዋል። ጣሊያን ደግሞ ለውድድር የሚጫወት ሁሉ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚለካ ምርመራ) ተነስቶ ተመርምሮ የብቃት ወረቀት ማግኘት አለበት፣ አይሲዲ ይዞ ሴሪኣ (የጣሊያን ከፍተኛ ሊግ) ለመጫወት ያ ወረቀት አይሰጥም። በቃ፣ ዲሴምበር ላይ ከጣሊያን ክለቡ ከኢንተር ተለያየ።

እንግሊዝ ግን እንዲህ ያለ የጅምላ ክልከላ የለም፣ ሀኪሞቹ፣ ክለቡና ተጫዋቹ አይተው ይወስናሉ፣ ለዛ ነው ጃንዋሪ 2022 ብሬንትፎርድ ያስፈረመው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ማንቸስተር ዩናይትድ። መሳሪያው ግን ለሁሉም ፈቃድ ማለት አይደለም፣ በሽታው ይለያያል። እና እባካችሁ ሆጤ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ራሱን ስቶ የወደቀ ልጅ ካለ "ቁርስ ስላልበላ ነው" ብላችሁ አትለፉት፣ ቶሎ ሀኪም ይየው፣ ኢሲጂ ይነሳ።