«ሻማ ራሱ ቀልጦ ለሌላው ያበራል»፦ የአባባሉ መነሻ፣ ትርጓሜና የባሕር መብራት ጠባቂዎች

«ሻማ ራሱ ቀልጦ ለሌላው ያበራል» የሚለው አባባል በንግግር መካከል ሙሉ ቅርጹን ይዞ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ብዙ ጊዜ «እንደ ሻማ ቀለጠችልን» ወይም «እንደ ሻማ ቀልጠው አስተማሩን» እየተባለ በአጭሩ ይነገራል። ፍቺው ግልጽ ነው። የራሱን ዕድሜ፣ ጉልበትና ምቾት ከፍሎ ሌላውን ለቁም ነገር ያበቃ ሰው ይመሰገንበታል። ከሁሉ በላይ የመምህር ስም ከዚህ አባባል ጋር ተጣብቋል፤ ከመምህር ቀጥሎ እናት፣ ከእናት ቀጥሎ ደግሞ የቤቱ ታላቅ ልጅ ይነሣሉ።

እኔ በምኖርበት በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ፣ አባባሉ በተለይ በሁለት አጋጣሚ ይሰማል። አንደኛው የመምህራን ሽኝት ነው። በሰፈራችን በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ጡረታ ለወጡ መምህር ጋቢ ተደርቦላቸው አንዲት ተማሪ «እንደ ሻማ ቀለጡ» የሚል ግጥም ስታነብላቸው፣ እሳቸው ጠመኔ ያደረቀውን የጣታቸውን ጫፍ በሌላው እጃቸው እያሻሹ አንገታቸውን ደፍተው ሲያዳምጡ አይቻለሁ። ሁለተኛው አጋጣሚ ደግሞ ዓረብ አገር ስለሚሠሩ እኅቶች ሲወራ ነው። በቤይሩት ወይም በዱባይ ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ የኮንዶሚኒየሙ ቅድሚያ ክፍያ ስለተከፈለ፣ ታናናሾቿም ተምረው ለወግ ለማዕረግ ስለበቁ፣ «እሷ እኮ እንደ ሻማ ነው የቀለጠችልን» ይባላል።

የአባባሉ መነሻ ከዐይናችን የራቀ አይደለም። ሻማ ዛሬ ከፋብሪካ ቢወጣም፣ ከጥጥ ፈትልና ከንብ ሰም የሚሠራው ጧፍ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የቆየ ነው፤ ካህናቱ መጽሐፍ የሚያነቡበት፣ ምእመናኑም በትንሣኤ ሌሊት በእጃቸው የሚይዙት እሱ ነው። ሻማና ጧፍን ከሌሎቹ የቤት መብራቶች የሚለያቸው አንድ ነገር አለ፤ አባባሉም የቆመው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። ኩራዝ ጋዙ ሲያልቅ እንደገና ተሞልቶ ይለኮሳል፤ ቆርቆሮውም ለከርሞ ያገለግላል። የሻማ ነዳጅ ግን የገዛ አካሉ ነው። የክሩ እሳት በዙሪያው ያለውን ሰም ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ሰም በክሩ ወደ ላይ እየተሳበ ነበልባሉ ዘንድ ሲደርስ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይነድዳል። ስለዚህ እያንዳንዷ የብርሃን ደቂቃ ከሻማው ቁመት ላይ የተቀነሰች ናት። በሰፈራችን መብራት በጠፋ ማታ፣ በተደፋ ሲኒ ላይ የተተከለ ሻማ ከብበው የሚያጠኑ ልጆች የቤት ሥራቸውን ሲጨርሱ፣ ከሻማው የሚቀረው በሲኒው ቂጥ ላይ የረጋ ነጭ ክብ ብቻ ነው።

ይህ ዘይቤ ቃል በቃል የተፈጸመበት ሥራ በዓለም ላይ ነበር። መርከቦች በሌሊት ከዐለት ጋር እንዳይላተሙ በባሕር ጠረፍና በባሕር መካከል ረጃጅም ማማዎች ይሠሩ ነበር፤ በማማዎቹ ጫፍ መብራት ይበራል፤ መብራቱን የሚጠብቁ ሰዎችም እዚያው ይኖሩ ነበር። እኛ ዛሬ የባሕር በር ባይኖረንም ነገሩ ባዕዳችን አይደለም። በቱሉ ዲምቱ በኩል ሌሊቱን የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ከሚጭኑት ዕቃ ብዙው በጅቡቲ ወደብ የገባ ነው። ከሜዲትራኒያን ተነሥቶ በስዊዝ የሚመጣ መርከብም እኛ ዘንድ የሚደርሰውን ዕቃ ይዞ በቀይ ባሕር ሲወርድ፣ በግብፅ የወንድማማቾች ደሴቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ1883 እንደተተከለው ያሉ መብራቶችን እየተከተለ ነው።

ከማማዎቹ ሁሉ ለአባባላችን የሚቀርበው በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ ከፕሊመዝ ወደብ አሻግሮ የሚገኘው ኤዲስቶን ነው። ኤዲስቶን ከየብስ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ባሕሩ ሲሞላ ውኃ የሚሸፍነው ዐለት ነው። በዐለቱ ላይ የመጀመሪያውን ማማ የሠራው ሄንሪ ዊንስታንሊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1698 በጫፉ ላይ የለኮሰው ሻማ ነበር። ግንባታው ላይ ሳለ የፈረንሳይ ባሕረኞች ማርከው እንደወሰዱትና ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ጦርነታችን ከእንግሊዝ ጋር እንጂ ከሰው ዘር ጋር አይደለም ብሎ እንዳስለቀቀው ይተረካል። ዊንስታንሊ በሥራው እጅግ ስለሚተማመን፣ እስከዛሬ ከታዩት ማዕበሎች ሁሉ የከፋው ሲመጣ በማማዬ ውስጥ ልገኝ እያለ ይመኝ ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1703 እንግሊዝን የመታው ታላቅ ማዕበል ሲነሣ በእርግጥም ለጥገና ሄዶ በማማው ውስጥ ነበር። በነጋታው ማማውም፣ ሰውዬውም፣ አብረውት የነበሩትም አልተገኙም።

ሁለተኛው ማማ በአብዛኛው ከእንጨት የተሠራ ነበር፤ ከ40 ዓመት በላይ አገልግሎ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1755 ሌሊት ከጫፉ ላይ እሳት ተነሣበት። ተረኛው ጠባቂ ሄንሪ ሆል ይባላል፤ የዚያን ጊዜ ዕድሜው 94 እንደነበር ተመዝግቧል። ሽማግሌው ከሥር ሆኖ ውኃ በባልዲ ወደ ላይ እየረጨ እሳቱን ሲታገል፣ ጣሪያውን የሸፈነው እርሳስ ቀልጦ ቁልቁል ወረደበት፤ ቀና ብሎ አፉን ከፍቶ ነበርና ትኩሱ እርሳስ በጉሮሮው ገባ። ጠባቂዎቹ እሳቱ እየገፋቸው እስከ ዐለቱ ድረስ ወርደው ከተጠለሉ በኋላ በጀልባ ተረፉ። ሆል እርሳስ ውጫለሁ ሲል ሐኪሙ እንኳ ለማመን ተቸገረ፤ በ12ኛው ቀን ሞቶ ሬሳው ሲመረመር ግን 200 ግራም ያህል የሚመዝን የረጋ እርሳስ ከሆዱ ወጣ። ያ እርሳስ ዛሬም በስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ «ቀልጦ ማብራት» የሚለውን ቃል እንደ ዋዛ ልሰማው አልቻልሁም።

ሦስተኛውን ማማ ጆን ስሚተን በድንጋይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1759 ሲያስመርቀው፣ ብርሃኑ የመጣው ከ24 ሻማዎች ነበር። በየግማሽ ሰዓቱ የሚደውል ሰዓትም አስገጠመ፤ ደወሉ ሲጮህ ጠባቂው ተነሥቶ የ24ቱንም ሻማዎች ክር ይቆርጣል፤ ክሩ ካልተቆረጠ ብርሃኑ ይደበዝዛልና። ሌሊቱን ሙሉ በየግማሽ ሰዓቱ እየነቁ ማደር ምን እንደሚመስል፣ የታመመ ልጅ አስታማ የምታውቅ እናት ታውቀዋለች። ከሩቅ የሚያልፈው መርከበኛ በበኩሉ ብርሃኑን እንጂ የጠባቂውን ስም አያውቅም። ይህ ጥንትም የነበረ ነገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የተሠራውን፣ ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ እንደነበረው የሚነገርለትን የፋሮስን ማማ በተመለከተ የሚተረክ አፈ ታሪክ አለ፤ ሶስትራጦስ የተባለው ሰው የራሱን ስም በድንጋዩ ላይ ቀርጾ በኖራ ከለሰነው በኋላ በልስኑ ላይ የንጉሡን ስም ጻፈ፤ ዘመን አልፎ ኖራው ሲረግፍ የእሱ ስም ወጣ ይላል።

ለጠባቂዎቹ ከእሳቱ ይልቅ የከበዳቸው ብቸኝነቱ ነበር። በዌልስ ጠረፍ ፊት ለፊት በሚገኘው ስሞልስ በተባለው ማማ፣ እ.ኤ.አ. በ1801 ገደማ ሁለት ሰዎች ተረኛ ሳሉ አንዱ ሞተ። የቀረው ሰው፣ ሬሳውን ወደ ባሕር ብጥለው ገደለው ይሉኛል ብሎ በመፍራት በሳጥን አድርጎ ከማማው ውጭ አሰረው፤ ማዕበሉ ሳጥኑን ሰብሮት የሬሳው ክንድ በነፋስ ሲወዛወዝ እያየ ለሳምንታት እንደቆየ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን መብራቱን እንዳላጠፋ ይተረካል። ከዚያ በኋላ በአንድ ማማ ሦስት ሰው እንዲመደብ ተደረገ። በስኮትላንድ የፍላናን ደሴቶች ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1900 ሦስቱም ጠባቂዎች ጠፉ። በኋላ የተሰራጨው ወሬ በጠረጴዛው ላይ በግማሽ የቀረ ምግብና የተገለበጠ ወንበር ተገኘ ቢልም፣ በመጀመሪያ የገባው ተተኪ ጠባቂ ያገኘው ወጥ ቤት የተስተካከለ ነበር፤ መርማሪውም በማረፊያው በኩል ማዕበል ጠርጎ እንደወሰዳቸው ነው የገመተው። ሰው በደረቁ የሥራ አደጋ አልረካም፤ የሚያስፈራና የሚያስለቅስ ነገር ጨመረበት። በሻማውም ላይ የምናደርገው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ሰም ሲቀልጥ ማየት ስለሚመስጠን ብርሃኑ ለማን እንደሆነ እንረሳለን።

የታላቅ ልጅን ነገር ካነሣሁ፣ በአሜሪካ በሜይን ጠረፍ በማቲኒከስ ዐለት የኖረችው አቢ በርጀስ ልትጠቀስ ይገባታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1856 አባቷ ስንቅ ሊያመጣ ወደ የብስ እንደሄደ ማዕበል መንገዱን ዘጋበት። የ16 ዓመቷ ልጅ የታመመች እናቷንና ታናናሽ እኅቶቿን ከፍ ወዳለው ማማ አውጥታ፣ ዶሮዎቹን ሳይቀር ከውኃው አትርፋ፣ አባቷ እስኪመለስ ለሳምንታት መብራቶቹን በየምሽቱ ለኮሰች። የእኛ ሰፈር ሰው ቢሰማት «እንደ ሻማ የቀለጠች» ይላት ነበር፤ እሷ ግን አልቀለጠችም፤ ኖራ፣ ጠባቂ አግብታ፣ ልጆች ወልዳ በዚያው ሙያ ቆየች።

የባሕር መብራት ታሪክ በጥቅሉ ሲታይ መቅለጥን የመቀነስ ታሪክ ነው። የስሚተን ሻማዎች እ.ኤ.አ. በ1810 ከኋላቸው አንጸባራቂ ባላቸው የዘይት መብራቶች ተተኩ። እ.ኤ.አ. በ1823 ደግሞ ፈረንሳዊው ኦገስተን ፍሬኔል በኮርዱዋን ማማ ላይ አዲስ መስታወት ተከለ፤ ብዙ የመስታወት ቀለበቶች ዙሪያውን ተደርድረው ከአንድ መብራት ወደየአቅጣጫው የሚበተነውን ብርሃን ሰብስበው ወደ አንድ ወገን ይልኩታል። የነዳጁ መጠን ሳይጨምር ብርሃኑ እጅግ ሩቅ መታየት ቻለ። ኤዲስቶን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1982 ያለ ሰው በራሱ የሚሠራ ሆነ። ከወንጌል የመጣው ሌላው አባባላችን፣ «መብራት አብርቶ እንቅብ የሚደፋበት የለም» የሚለው፣ ለዚህ ሐሳብ ይቀርባል፤ ስለ መብራቱ መቅለጥ ሳይሆን በመቅረዝ ላይ መቀመጡን ነው የሚናገረው። በቅኔ ቤትም ቢሆን ሰም የሚፈለገው ወርቁ እንዲገኝበት ነው።

ስለዚህ አባባሉ ምስጋና ሆኖ ሲነገር በቦታው ነው፤ የተናጋሪው ዕዳ ይታወቅበታልና። ወጣት መምህር የቤት ኪራይ ከብዶኛል ሲል «መምህር እኮ ሻማ ነው» ተብሎ ሲመለስለት ግን ከቦታው ወጥቷል፤ በስሞልስ ለደረሰው መልስ ሆኖ የመጣው ሙገሳ ሳይሆን ሦስተኛ ሰው ነበር። አባባሉ ሌላም ያልተጻፈ ሥርዓት አለው፤ ሰው ስለ ራሱ አይናገረውም። እናት «እንደ ሻማ ቀልጬ ባሳደግኋችሁ» ካለች ወቀሳ ነው፤ ይህን የሰሙ ልጆችም ተነሥተው ይቅርታ ይጠይቃሉ እንጂ አይመልሱላትም።