ፈረሰኛው ማነው? «ቦብ ማርሊ፦ ዋን ላቭ» በሰሜን ሸዋ ዓይን

«ቦብ ማርሊ፦ ዋን ላቭ» በ2024 የወጣ የሕይወት ታሪክ ፊልም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሬክተሩ ሬናልዶ ማርከስ ግሪን ነው። ቦብን ሆኖ የተወነው እንግሊዛዊው ኪንግስሊ ቤን አዲር ነው፤ ባለቤቱን ሪታን ደግሞ ላሻና ሊንች ትጫወታለች። እኛ ደብረ ብርሃን ቤታችን ሆነን፣ ጋቢ ተከናንበን፣ በፍላሽ አስጭነን ነው ያየነው።

ፊልሙ ቦብን ከልደት እስከ ሞት አይከተለውም። የሚያተኩረው ከ1976 እስከ 1978 ባለው ጊዜ ላይ ነው። ጃማይካ በምርጫ ሰሞን በሁለት ፓርቲ ተከፍላ ትታመሳለች። ዲሴምበር 3 ቀን 1976 ታጣቂዎች ኪንግስተን ያለው ቤቱ ገብተው ተኮሱ። ቦብ ደረቱንና ክንዱን፣ ሪታ ጭንቅላቷን ተመቱ። ሁለቱም ተረፉ። ቦብ ከሁለት ቀን በኋላ ከነቁስሉ መድረክ ላይ ወጣ! ከዚያ ለንደን ገባ፤ «ኤክሶደስ» የተባለውን አልበም የሠራው እዚያ ነው። የእግሩ አውራ ጣት ላይ ካንሰር የተገኘበትም በዚያው ሰሞን ነው። በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተውም በዚሁ ጦስ ነው።

ዘፈኖቹ ላይ የቦብ የራሱ ቅጂና የተዋናዩ ድምፅ ተቀላቅለዋል። ንግግሩ ግን የጃማይካ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ባዩ ወንድሜ እንኳ ደጋግሞ «ምን አለ?» ሲል ነበር።

ፊልሙ ውስጥ የሚመላለስ ሕልም አለ። አንድ ትንሽ ልጅ በእሳት ተከቧል። ፈረሰኛ ይመጣል። ልጁ ጥሎት የሄደው ነጭ አባቱ ይመስለዋል፤ ኋላ ላይ ግን ፈረሰኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆነው ይገኛሉ። እስከዚያ ድረስ እያንጎላጀች የነበረችው አያቴ ቀና አለች። «ጃንሆይ! እነዚህም ያውቋቸዋል?»

እንዴት አያውቋቸውም። ለራስታዎቹ አምላክ ናቸው። ቦብ «ዋር» ብሎ የዘፈነው ግጥም ራሱ ንጉሡ በ1963 የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። እዚህ ግን ነገሩ በዘር ሐረግ ይቆጠራል። የአባታቸው የራስ መኮንን እናት ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ መቀመጫቸውን አንኮበር ያደረጉት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። «ራስ ተፈሪ» የሚለውም እኛ ዘንድ ማዕረግና ስም እንጂ የሃይማኖት መጠሪያ አልነበረም። አያቴን ይህን ላስረዳት ሞክሬ ነበር፤ «ሰውን አምላክ? ወግጅልኝ!» ብላ ዘጋችው።

ከአዘጋጆቹ መካከል ሪታ፣ እንዲሁም ልጆቻቸው ዚጊና ሴዴላ አሉበት። ይህ ያስታውቃል። ቤተሰብ የራሱን ገመና አያወጣም፤ የቦብ የሴት ነገር በአንድ ጭቅጭቅ ታልፏል። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ድክመት ይኸው ነው።

ማሳረጊያው የአፕሪል 1978 የሰላም ኮንሰርት ነው። ቦብ የሁለቱን ተቀናቃኝ ፖለቲከኞች፣ የማንሊንና የሲያጋን እጅ መድረክ ላይ ያያያዘበት ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ መጥቶ ሻሸመኔን አይቷል። ፊልሙ ግን እዚያ ሳይደርስ ያልቃል።