የወሎ የእሳት እራቶችና አባጨጓሬዎች፦ ማየት፣ መለየት፣ ማሳደግ

የእሳት እራት ከቢራቢሮ ጋር በአንድ ወገን የሚመደብ፣ ክንፉ በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ፣ በአብዛኛው ሌሊት የሚበር ነፍሳት ነው። በሳይንስ ስም የወጣላቸው የዚህ ወገን ዝርያዎች 160 ሺህ ገደማ ሲሆኑ ቢራቢሮዎቹ 20 ሺህ አይሞሉም፤ የቀሩት ሁሉ የእሳት እራቶች ናቸው። ሁለቱም ከእንቁላል የሚፈለፈሉት አባጨጓሬ ሆነው ነው። አባጨጓሬው በልቶ ከጠገበ በኋላ ሙሽሬ ይሆናል፤ ሳይበላና ሳይራመድ ቆይቶ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። እነዚህን ፍጥረታት ፈልጎ ማየት፣ ዝርያቸውን መለየትና አሳድጎ መልቀቅ በብዙ አገር የታወቀ የትርፍ ጊዜ ደስታ ነው። ወሎ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። አንዱ ምክንያት መልክአ ምድሩ ነው፤ ሌላውና ብዙም የማይነገርለት ደግሞ የገበሬው ዓይን ነው።

የቆቦ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ሲገኝ፣ የላስታው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በቆላው ግራርና ማሽላ፣ በደጋው ገብስና ድንች፣ ከዚያም በላይ አስታና ጅብራ ይበቅላል። አብዛኛው አባጨጓሬ የሚበላውን ተክል መራጭ ስለሆነ ተክሉ በተለወጠ ቁጥር እሱም ይለወጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፤ ማታ መብራት ላይ ከሚያገኛቸው የእሳት እራቶችም ብዙዎቹ ትናንት ደሴ ያያቸው ላይሆኑ ይችላሉ። ከኮምቦልቻ አጠገብ ያለው የየጎፍ ደንና በቦረና ሳይንት የሚገኘው የደንቆሮ ጫካ ደግሞ ነባር ዛፎችን ስለያዙ ለፈላጊ ሰው የተለየ ዋጋ አላቸው። ወሎ በልግም ክረምትም የሚዘንብበት አገር በመሆኑ ቅጠል የሚለመልመው፣ አባጨጓሬም የሚበረክተው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው።

ወደ ገበሬው ዓይን እንመለስ። ተምች ማሳው ላይ ሲታይ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ ትል ለብቻው ሲያድግ አረንጓዴ፣ ተፋፍጎ ሲያድግ ጥቁር ይሆናል። ጤፉን፣ ማሽላውን፣ ገብሱንና የግጦሹን ሣር ጨርሶ ከጎኑ ያለውን ባቄላ ሳይነካ ያልፋል፤ ምግቡ የሣር ወገን ብቻ ነውና። በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባውና በቆሎን የሚያጠቃው መጤ ተምች ሌላ ዝርያ ነው። መነሻው አሜሪካ ሲሆን፣ መለያው ግንባሩ ላይ ያለው የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጭ መስመርና ከጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡት አራት ጥቁር ነጥቦች ናቸው። ማሽላ አገዳ ውስጥ ተደብቆ የሚበላው አገዳ ቆርቁርና የሽምብራን ፍሬ የሚቦረቡረው ጓይ ትልም የእሳት እራት ልጆች ናቸው። በምን ተክል ላይ፣ በስንተኛው ዝናብ፣ በምን መልክ እንደሚመጡ የሚያውቅ ገበሬ የመለየትን ሥራ ግማሹን ሠርቷል። ችግሩ የእነዚህ ጥቂቶች ክፉ ስም ለወገኑ ሁሉ መትረፉ ነው። ብዙዎቹ አባጨጓሬዎች አዝመራ ጨርሶ አይቀምሱም፤ የዱር ቅጠል ይበላሉ፣ ለወፍ ጫጩት ቀለብ ይሆናሉ፣ ካደጉም በኋላ ማታ የሚፈካ አበባን ያዳቅላሉ። ትል ሁሉ ተምች መስሎት መድኃኒት የሚረጭ ሰው ወዳጁንም አብሮ ይፈጃል።

ለማየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ነጭ አንሶላ በገመድ ላይ ዘርግቶ ከፊቱ መብራት ማብራት ይበቃል። ነጭና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ብዙ ይስባል፤ ቢጫ አምፖል ግን እምብዛም አይጠራም። ጨረቃ የሌለበት፣ ነፋስ ያልበረታበት፣ ደመና ሙቀቱን ያቆየበት ምሽት ይመረጣል። ደጋ ላይ ብርዱ ቶሎ ስለሚጠና ከመሸ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ዋናዎቹ ናቸው። ወደ ብርሃን የማይመጡትን ለመሳብ የበሰበሰ ሙዝ በስኳርና በጠላ ለውሶ የዛፍ ግንድ መቀባት ነው። ይህ ሁሉ የሚከብደው ሰው ማለዳ ተነስቶ ሌሊቱን መብራት ያደረበትን ግድግዳ ይመልከት፤ ግን ከወፎቹ መቅደም አለበት።

መለየት የሚጀመረው ከአንቴና ነው። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ላይ ይወፍራል፤ የእሳት እራት አንቴና ግን ቀጭን ክር ወይም ላባ ይመስላል። በአባጨጓሬ ላይ ደግሞ እግር መቁጠር ነው። ከፊት ስድስት እውነተኛ እግሮች አሉት፤ ከኋላ ያሉት ሥጋማ እግሮች ቢበዛ አምስት ጥንድ ናቸው። ከአምስት ጥንድ ከበለጡ የተገኘው ትል የእሳት እራትም የቢራቢሮም ልጅ ሳይሆን የተርብ ዘመድ ነው። ሁለት ጥንድ ብቻ ያለው ሆዱን ቀስት አድርጎ እየሰፈረ ይሄዳል። የተገኘበት ተክል ስም ከቀለሙ የበለጠ መረጃ ስለሆነ፣ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ቅጠሉንም አብሮ ያንሳ።

ጓሮ ውስጥ ሎሚ ወይም ብርቱካን ያለው ሰው ቅጠሉን ገልብጦ ቢያይ የቢራቢሮ ልጅ ሊያገኝ ይችላል። በልጅነቱ ቡናማና ነጭ ሆኖ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይለብሳል። ሲነኩት ከጭንቅላቱ ጀርባ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ብርቱካንማ አካል ብቅ አድርጎ መጥፎ ሽታ ይለቃል። እንደኔ ግን ከሁሉም የሚያስገርመው ጀርባው ላይ የራስ ቅል የመሰለ ምልክት ያለው ትልቅ የእሳት እራት ነው፤ በሳይንስ ስሙ አኬሮንቲያ አትሮፖስ ይባላል። ክንፉ ሲዘረጋ ግማሽ ስንዝር ያህላል። ልጁ ጅራቱ ላይ ቀንድ ያለው፣ ጎኑ ላይ ሰያፍ ሰረዞች የተሰመሩበት ወፍራም አባጨጓሬ ሲሆን የድንች ቅጠል ይወዳል። አዋቂው ሌሊት ንብ ቀፎ ገብቶ ማር ይሰርቃል። የንቦቹን ሽታ የሚመስል ሽታ ስላለው ብዙ ጊዜ አይነደፍም፤ ሲይዙትም ይጮኻል። ከቀፎ የጮኸ ነገር ያወጣ ንብ አናቢ ያየው ይህንን ነው፤ ጥንቆላም ሟርትም የለበትም።

ለማሳደግ የመስታወት ዕቃና አፉን የሚሸፍን ስስ ጨርቅ ይበቃል። ቅጠሉ ከተገኘበት ተክል መሆን አለበት፤ አብዛኛው ሌላ ቅጠል ቢሰጡት ተርቦ ይሞታል እንጂ አይበላም። ቅጠሉ በየቀኑ ይለወጥ፣ ኩሱም ይጠረግ፤ እርጥበትና ሻጋታ ከረሃብ ባልተናነሰ ይገድላል። ፀጉራሙን በእጅ መንካት አይገባም፤ ቅጠሉን ቆርጦ ከነቅጠሉ ማንሳት ይሻላል። ፀጉሩ ቆዳ ላይ ከተሰካ ከማከክ በፊት በፕላስተር ለጥፎ መንቀል፣ ዓይን ከገባ ግን ሳያሹ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። አንዳንዴ ከአባጨጓሬው ጥቃቅን ነጭ ትሎች ወጥተው በድር ተጠቅልለው ጎኑ ላይ ይደረደራሉ። እንቁላሉ ሳይሆኑ ሥጋውን ከውስጥ በልተው የወጡ የጥቃቅን ተርቦች ልጆች ናቸው፤ ገበሬውን ከተምች የሚያግዙትም እነዚሁ ናቸው።

ብዙዎቹ አፈር ውስጥ ገብተው ሙሽሬ ስለሚሆኑ ከዕቃው ሥር ጥቂት ጣት የሚሆን ለስላሳ አፈር ይደረግ። አንድ እንጨትም ዘንበል ብሎ ይቁም፤ የሚወጣው የእሳት እራት ተሰቅሎ ክንፉን የሚዘረጋበት ካጣ ክንፉ ተጨማዶ ይደርቃል። ሲበረታ በመሸ ጊዜ አባጨጓሬው በተገኘበት ቦታ ይለቀቃል። ክረምት ማብቂያ ላይ ሙሽሬ የሆነ ግን የሚቀጥለው ዝናብ እስኪመጣ ለወራት ሳይወጣ ሊቆይ ስለሚችል ሞቷል ብሎ መጣል ስህተት ነው። ቀስ ብለው ሲነኩት ጅራቱን ካወዛወዘ በሕይወት አለ፤ ወደ አፈሩ መልሶ አልፎ አልፎ ውኃ ማርከፍከፍ ይበቃል።