የጌኮ እንቁላል፣ ሙቀትና ጾታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሲሞቅ ወንድ፣ ሲቀዘቅዝ ሴት ይፈለፈላል።»

በብዛት የሚደጋገመው ይህ ነው፤ ግማሽ እውነት ስላለበት ለማረም ያስቸግራል። በፓኪስታን፣ በአፍጋኒስታንና በሰሜን ምዕራብ ህንድ ደረቅ ምድር የሚኖረውን፣ ዛሬ በብዙ አገር በቤት የሚረባውን ሌፐርድ ጌኮ የተባለ ትንሽ የእንሽላሊት ዝርያ እንውሰድ። እንቁላሉ በ26 ዲግሪ ሴልሺየስ ከቆየ የሚፈለፈሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። 30 ላይም ሴቶቹ ያመዝናሉ። 32.5 አካባቢ ግን ወንዶቹ ይበዛሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ። 34 እና 35 ሲደርስ እንደገና አብዛኞቹ ሴቶች ይሆናሉ። ስለዚህ ወንድ ለማብዛት ብሎ ሙቀቱን ዝም ብሎ የሚጨምር አርቢ ያሰበውን አያገኝም፤ ይባስ ብሎ ፅንሶቹ ሳይፈለፈሉ ይሞቱበታል። እኔ ይህን ሙከራ ፈጽሞ አልመክርም።

«ሙቀቱ ወንዱን ወደ ሴት ይቀይራል።»

አይቀይርም። የሌፐርድ ጌኮ እንቁላል ሲጣል ጾታው ገና አልተወሰነም፤ እንደ ሰው ኤክስና ዋይ ክሮሞዞም የለውም። በፅንሱ ውስጥ ያለችው እጢ ኦቫሪም (የሴት እንቁላል የሚፈጠርበት እጢ) የወንድ ዘር ፍሬም ልትሆን ትችላለች። መንገዱን የሚመርጥላት ሙቀቱ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ደግሞ በሆርሞን በኩል ነው። ተመራማሪዎች ወንድ በሚበዛበት ሙቀት ላይ ያለን እንቁላል ቅርፊቱን ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ሲቀቡት ሴት ተፈልፍላለች።

«እስኪፈለፈል ድረስ ጾታው ሊለወጥ ይችላል።»

ወሳኙ ጊዜ እንቁላሉ ከተጣለ እስኪፈለፈል ካለው ጊዜ መካከለኛው ክፍል ነው። ያ ካለፈ በኋላ ማስፈልፈያው ቢሞቅ ወይም ቢቀዘቅዝ ጾታውን አይነካም፤ የፅንሱን ጤና ግን ይነካል።

«ጌኮ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ለዶሮም ይሠራል።»

ብዙ የጌኮ ዝርያዎች የጾታ ክሮሞዞም አላቸው። በፓስፊክ ደሴቶች ያለ ወንድ የሚራቡ፣ ሁሉም ሴት የሆኑ ጌኮዎችም አሉ። የዶሮ ጾታ በክሮሞዞም የሚወሰን ስለሆነ ሙቀት አይለውጠውም። በአንጻሩ በጫሞ ሐይቅ ዳር የሚቀበረው የአዞ እንቁላል የሌፐርድ ጌኮን መንገድ ይከተላል፦ ዝቅተኛና ከፍተኛው ሙቀት ሴት፣ መካከለኛው ወንድ። ሙቀት ጾታን መወሰኑ በተሳቢ እንስሳት ላይ መጀመሪያ የተመዘገበውም በአፍሪካ ነው፤ ተመራማሪዋ ማድሌን ሻርኒየ በ1966 እ.ኤ.አ. በሴኔጋል፣ ዳካር ውስጥ በአጋማ እንሽላሊት ላይ አይታዋለች።

«26 ላይ ስለተፈለፈለ ሴት ነው» ተብሎ የሚሸጥ ጫጩት ስታገኙ፣ ምናልባት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ጫጩቱ ሲያድግ ሆዱን ገልብጣችሁ እዩት፦ ከጭራው ሥር ሁለት እብጠትና ከበላያቸው በ«ቪ» ቅርጽ የተደረደሩ ጉልህ ቀዳዳዎች ካሉት ወንድ ነው።